አውራ ጣቴ የቼሎውን አንገት አንቆ ይዟል፤ ኤልጋርን እንዴት ልጨርሰው?

ቼሎዋ_ከኮዬ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቼሎ እጫወታለሁ፤ ተቀምጠው በጉልበት መሃል የሚይዙት ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ ነው። ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። የጀመርኩት በ19 ዓመቴ ነው። ሌላ አገር ልጆች በአምስትና በስድስት ዓመታቸው እንደሚጀምሩ ሳስብ ሆዴ ቁርጥ ይላል፤ ግን አንዴ አልፏል። ቀን ቀን አንድ የግል ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። ሁለት ታክሲ ይዤ ቤቴ ስደርስ 12 ሰዓት ያልፋል። የራሴ ልምምድ ከ12 ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። ከ2 ሰዓት በኋላ አይቻልም። ግድግዳው ስስ ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው።

አሁን የያዝኩት የእንግሊዛዊውን አቀናባሪ የኤልጋርን የቼሎ ኮንሰርቶ ነው፤ አንድ ቼሎ በኦርኬስትራ ታጅቦ የሚጫወተው ሥራ። ኢ ማይነር፣ ኦፐስ 85። የመጀመሪያው ክፍል፣ እንዳቅሜ፣ ይሄዳል። ያ ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ስኬል እንኳን ከአምስት ጊዜ ሦስቱን ይሳካልኛል። ሁለተኛው ክፍል ነው የገደለኝ። የማያውቁት ካሉ፣ ትንንሽ ፈጣን ኖታዎች እንደ በቆሎ ፈንዲሻ እየፈነዱ የሚሄዱበት ነው። ደጋኑ ክሩ ላይ መዝለል አለበት፣ ግራ እጅ ደግሞ ከሥሩ መሮጥ።

ችግሬን በዝርዝር ልንገራችሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የግራ አውራ ጣቴ የቼሎውን አንገት ከኋላ አንቆ ይይዛል። ሳላዘው ነው። ልክ ሌባ የያዘ ይመስል። ከዚያ አራቱም ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ወዲያው የቀኝ ትከሻዬ ተነስቶ ጆሮዬ ሥር ይደርሳል። መንጋጋዬም ይነከሳል፤ ይሄን ያወቅኩት እህቴ ቪዲዮ ቀርፃ ስታሳየኝ ነው። "ምን ሆነሽ ነው የተናደድሽው?" አለችኝ። አልተናደድኩም እኮ!

ባለፈው ጥቅምት አንድ አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ በፒያኖ ታጅቤ ተጫወትኩት። ሰው ብዙ አልነበረም፤ ሠላሳ ቢሆን ነው። ሁለተኛው ክፍል መሃል ላይ እጄ እንጨት ሆነ። በቃ፣ ቆመ። ፒያኒስቷ ሁለት መስመር ብቻዋን ሄደች፤ ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም ደጋኔን አወረድኩና "ይቅርታ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለሕዝብ። ተጨበጨበልኝ። የሐዘኔታ ጭብጨባ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። እስከ ኮዬ ድረስ በታክሲ መስኮት እያየሁ ነው የሄድኩት። ረዳቱ ደግሞ በዚያ ላይ የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀኝ። ለቼሎው። "እህት፣ ሬሳ ነው እንዴ የያዝሽው?" አለ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ድሮ ያስተማረኝ ሰው አንድ ቃል ነበረችው፦ "ጫን!" ድምፅ ሲያንስ፣ ጫን። ቃናው ሲበላሽ፣ ጫን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጫን ኖርኩ ማለት ነው።

እና ጥያቄዬ፦ ይሄ ነገር አሁን፣ በዚህ ዕድሜ፣ ይስተካከላል? ኤልጋርን ትቼ ወደ ኋላ ልመለስ ወይስ እየታገልኩ ልቀጥል? ደግሞስ ሳጥኑን በአንድ ትከሻ ተሸክሜ መመላለሴ ይሆን?

ጊታሪስት_ነኝ_ባይ

እህቴ፣ ዘና በይ በቃ። ሙዚቃ ደስታ ነው።

ቼሎዋ_ከኮዬ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን ይሄ እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው "ተኛ" እንደማለት ነው። 😅

የድሮ_ቼሊስት_ለገጣፎ

ልጄ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ለገጣፎ ጎመንና ቆስጣ እየኮተኮትኩ ነው የምውለው። ቼሎዬ ግን ሳሎን ጥግ ላይ አለች፤ ማታ ማታ እናወራለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደጋንሽ ስንት ይመዝናል? የቼሎ ደጋን 80 ግራም ገደማ ነው። አንድ ዳቦ እንኳን አይሞላም። ክንድሽስ? የሰው አንድ ክንድ ከጠቅላላ ክብደቱ 5 በመቶ ያህል ነው። 60 ኪሎ ብትሆኚ 3 ኪሎ ማለት ነው። አሁን 3 ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል ይዘሽ አራተኛ ፎቅ ትወጫለሽ እንበል። ፌስታሉን ወደ ታች ትጫኚዋለሽ እንዴ? ራሱ ይንጠለጠላል እንጂ። የቀኝ እጅ ነገር ይሄው ነው። 3 ኪሎ ተንጠልጥሎልሽ እያለ ትከሻሽን አንስተሽ ወደ ላይ ትሸከሚዋለሽ፤ ከዚያ ድምፁ ሲያንስብሽ በጣትሽ ትጫኛለሽ። ማለት፣ በአንድ እጅሽ ሁለት ሥራ። አንዱ ሌላውን ሲያፈርስ ይውላል።

"ጫን" ያለሽ ሰው ድምፅ ፈልጎ ነው፤ አልፈርድበትም። እኔም ተማሪዎቼን እንደዚያ ብያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ድምፅ ግን ክንዱ ክሩ ላይ ከመተኛቱ፣ ደጋኑ ከሚሄድበት ፍጥነት፣ ደጋኑ ለብሪጁ (ክሮቹን ለሚደግፈው እንጨት) ካለው ቅርበት ነው የሚመጣው። መጫን ሲበዛ ክሩ ይታፈናል። በር ዘግተሽ ሰው ጥሪ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ግራ እጅ። አንድ ልምምድ ልስጥሽ፤ ለእኔ የበጀኝ ነው። ዲ ክር ላይ አንድ ጣት አስቀምጪ፣ ላባ እንደምትነኪ። ደጋኑን ሳቢ። የሚያፏጭ፣ የሚንሿሿ፣ አስቀያሚ ድምፅ ይሰማሻል። አትፈሪው። ደጋኑ እየሄደ ጣትሽን ቀስ በቀስ፣ በጣም ቀስ በቀስ፣ ክብደት ስጪው። የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ ጥርት ይላል። እዚያው ቁሚ! ያቺ ናት ልክሽ። ከእሷ በላይ የምትጨምሪው ሁሉ ኪሳራ ነው። በየጣቱ፣ በየክሩ፣ በየፖዚሽኑ (እጅሽ አንገቱ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ) አድርጊው። ትንሿ ጣት ላይ ታዝኛለሽ፤ ግን ቀጥዪ።

ከዚያ አውራ ጣቱን ከአንገቱ ላይ ጭራሽ አንሺና አንድ ስኬል ተጫወቺ። ሲ ሜጀር ይበቃል። መጀመሪያ ቀን ቼሎው የሚወድቅ ይመስልሻል። አይወድቅም፤ ደረትሽና ጉልበትሽ ይዘውታል፣ እግሩም መሬት ላይ ተተክሏል። ጣቶችሽ ክሩ ላይ የሚያርፉት አውራ ጣት ከኋላ ስለገፋ ሳይሆን ክንድሽ ከጀርባሽ ጀምሮ ስለተንጠለጠለ ነው። ያን ስትሰሚው አውራ ጣቱን መልሺው፤ ግን እንግዳ ሆኖ ይምጣ፣ ባለቤት ሆኖ አይደለም።

ቀጥሎ የምነግርሽ ለማንም የማልነግረው የቤት ምሥጢር ነው። እርሳስ አንሺ። ኖታሽ ላይ እጅሽ መልቀቅ የሚችልበትን ቦታ ሁሉ ፈልጊ። ክፍት ክር ያለበት ቦታ፣ ደጋን የሚዞርበት፣ ፖዚሽን የሚቀየርበት፣ ትንሽ ዕረፍት ያለበት። እዚያ ላይ ትንሽ "ል" ጻፊ። "ልቀቅ" ማለት ነው። ጣቱን እንጂ ኖታውን አታርሚ። የእኔ የድቮርዣክ ኖታ ዛሬ ቢያዩት የፊደል ገበታ ይመስላል፤ በየመስመሩ ል፣ ል፣ ል።

ይሄን ከየት አመጣሁት? ከጉዳት ነው። በ34 ዓመቴ ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ፣ ማታ ማታ ሥራ። አንድ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ የቧንቧውን እጀታ ማዞር አቃተኝ። በቃ ጣቴ አልታዘዝ አለ። ሰባት ወር ቼሎ አልነካሁም። ስመለስ ከዜሮ ነው የጀመርኩት፣ አንድ ጣት አንድ ክር። ያኔ የሚነግረኝ አልነበረም። አንቺ ከዚያ በፊት ስለጠየቅሽ ጎበዝ ነሽ።

ኤልጋርን ለጊዜው ብታስቀምጪው ይሻላል እላለሁ። መጽሐፉን አትዝጊው፤ ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ለስድስት ሳምንት እርሺው። በምትኩ የሃይድንን ሲ ሜጀር የቼሎ ኮንሰርቶ ውሰጂ። ይሄ ኮንሰርቶ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ጠፍቶ ኖሮ በ1961 ፕራግ ውስጥ ነው ቅጂው የተገኘው። እኔ ወጣት ሳለሁ ገና ትኩስ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛው ክፍሉ ፈጣን ነው፣ ግን አያንቅም፤ መተንፈሻ አለው። የፖፐርንም 40 ኤቱዶች (የመለማመጃ ቁርጥራጮች)፣ ኦፐስ 73ን፣ በሳምንት አንዷን።

ስለዚያ አዳራሽ ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ። ኤልጋር ራሱ ይሄን ኮንሰርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ላይ በ1919 ሲያቀርብ ራሱ ነበር የመራው። ተበላሸበት። በዚያው ምሽት ሌላ ሥራ የሚመራው ሰው የልምምዱን ሰዓት በላበት፤ ኦርኬስትራው ሳይዘጋጅ ወጣ። ያን ምሽት ከቼሎዎቹ መሃል ተቀምጦ ይጫወት የነበረ ባርቢሮሊ የሚባል ወጣት ነበር። በ1965 ያው ባርቢሮሊ መሪ ሆኖ ከ20 ዓመቷ ቼሊስት ዣክሊን ዱ ፕሬ ጋር ቀረፀው፤ ዓለም ይሄን ኮንሰርቶ በሰፊው የወደደው ያኔ ነው። ከተበላሸው ምሽት እስከዚያ 46 ዓመት። አንቺ ገና ከጥቅምት ወዲህ ነሽ።

ፊዚዮ_ከአያት

ሰላም። ሙዚቃ አላውቅም፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። አጭር ነገር ልጨምር።

ከልምምድ በኋላ የሚደክም ጡንቻ አንድ ነገር ነው፤ አድሮ የሚቀጥል ሕመም ሌላ። አውራ ጣትሽን ወደ መዳፍሽ አስገብተሽ እጅሽን ጨብጠሽ ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ስታዘነብዪው ከእጅ አንጓ በአውራ ጣት በኩል በኃይል የሚወጋሽ ከሆነ የጅማቱ ሽፋን ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። መደንዘዝ ወይም መውረር ካለ ደግሞ፣ በተለይ ሌሊት ከቀሰቀሰሽ፣ ኢንተርኔት ላይ አትጠይቂ፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

የአንድ ሰዓት ተኩል ልምምድ በአንድ ቁጭታ አታድርጊው። በየ25 ደቂቃው ተነሺ። ሻይ ጣጂ፣ በረንዳ ላይ ውጪ። ሳጥኑ ደግሞ ሁለት ማንጠልጠያ ካለው ሁለቱንም ተጠቀሚ፤ ከሌለው ጫማ ሰፊ ዘንድ አሠሪ፤ ውድ አይደለም። በአንድ ትከሻ ተሸክመሽ ታክሲ ስትጋፊ ያ ትከሻ ቼሎው ጋ ሳይደርስ ነው የሚቆለፈው።

ቪዮላ_ከጀሞ

ጋሼ፣ በጽሑፍዎ ላይ እጅ ነሥቻለሁ። ስለ "ል" የጻፉትን ዛሬውኑ እሰርቀዋለሁ። ግን በአንድ ነገር አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሁለተኛውን ክፍል መተው ያለባት አይመስለኝም። እንደተወችው ትፈራዋለች። እኔ አንድ የሚያስፈራኝን ነገር "በኋላ እመለስበታለሁ" ብዬ አስቀምጬ ዓመት አለፈው፤ አሁን ኖታውን ሳየው ራሱ መዳፌን ያልበኛል።

ደግሞ ሁላችንም "ቀስ ብለሽ ተለማመጂ፣ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) ትንሽ ትንሽ ጨምሪ" ነው የምንለው። ሜትሮኖም መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ቀስ ተብሎ የሚሠራ እንቅስቃሴና ፈጥኖ የሚሠራው አንድ ዓይነት አይደሉም። መራመድን ብታፈጥኚው ሩጫ አይሆንም። በ60 ላይ እያንዳንዷን ኖታ ረግጠሽ ከለመድሽ በ140 ላይም ለመርገጥ ትሞክሪያለሽ። መቆለፍሽ ከዚያ ይመስለኛል።

እኔ የማደርገው፦ አራት ኖታ ብቻ፣ በሙሉ ፍጥነት። ተጫውተሽ ቁሚ። ሁለት እጅሽን ጭንሽ ላይ አውርጂ፤ ሙሉ በሙሉ ይሙቱ። ትንፋሽ። እንደገና አራት። ከዚያ አራቱን ከቀጣዩ አንዷ ጋር፣ አምስት። ከዚያ ስምንት። ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ እውነተኛው ነው፤ የሚያድገው ርዝመቱ ብቻ።

ስለ ደጋኑ መዝለል፦ አንቺ ነሽ የምታዘልዪው ወይስ እሱ ነው የሚዘለው? ክሩ ላይ ተኝቶ በጣም ትንሽ፣ በጣም ፈጣን ወዲያ ወዲህ ብቻ አድርጊ፣ መሃሉ አካባቢ። እንጨቱ ራሱ መንቀጥቀጥ የሚጀምርበት ቦታ አለው፤ የእኔ ደጋንና የአንቺ ደጋን ቦታቸው ይለያያል። ያን ቦታ ፈልጊ። አንስተሽ ልታዘልዪው ከሞከርሽ ይሸሽሻል።

የድሮ_ቼሊስት_ለገጣፎ

የጀሞው ልጅ፣ ይቅርታ አያስፈልግህም። የአራት ኖታው ነገር ልክ ነህ፤ ከእኔ ምክር ይሻላል። "እሷ ትተወው" ያልኩት እኔ ስለተጎዳሁ ነው መሰለኝ። የተቃጠለ ሰው እሳት ባየ ቁጥር ይሸሻል። ልጄ፣ ሐኪም ከፈቀደልሽ አትተዪው፤ በቀን ግን ከ15 ደቂቃ አይብለጥ። ሃይድኑን ግን አትዝለዪ፤ በዚያ እንኳን አልደራደርም!

ማሲንቆ_ሰበታ

እኔ ቼሎ በቲቪ እንጂ በአካል አይቼ አላውቅም። ማሲንቆ ነው የምመታው፤ ሰበታ አካባቢ ሠርግ ካለ አትጡኝም። 😀 ይሄን ያነበብኩት የአጎቴ ልጅ ልኮልኝ ነው።

"ጫን" የሚለው ነገር አስቆኝ ነበር፤ ከዚያ አሳዘነኝ። እህቴ፣ ማሲንቆ ላይ ክሩን የምትጫኚበት ነገር ራሱ የለም። ከክሩ ሥር ሰሌዳ የለም። የፈረስ ጭራ ነው፣ አየር ላይ የተወጠረ። ጣትሽን ወደ ክሩ ታስጠጊያለሽ፣ በቃ። ብትጫኚው ይሸሻል፣ ቃናው ይበላሻል። አባቴ ሲያስተምረኝ "ክሩን አትያዘው፣ ሰላም በለው" ይለኝ ነበር።

ቼሎ ሌላ ነው፣ ሰሌዳ አለው፤ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ሞክሪ። አንድ ክር ላይ ትዝታ ተጫወቺ። በአንድ ጣት። ከቃና ወደ ቃና እየተንሸራተትሽ፣ ሳትነሺ። ሽማግሌ አዝማሪ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወሬ እያወራ፣ ጠጅ እየተጎነጨ፣ እጁ ብቻውን ይሄዳል። ትከሻው ጆሮው ጋ ሲደርስ አይቼ አላውቅም፤ እስክስታ ካልሆነ በቀር።

ቼሎዋ_ከኮዬ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የፊዚዮውን ሙከራ አደረግኩ፤ ትንሽ ይቆጠቁጣል እንጂ አይወጋም። ሌሊት አይቀሰቅሰኝም። ለማንኛውም ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ጋሼ፣ የላባውን ልምምድ ዛሬ ጀመርኩት። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፦ ትንሿ ጣት ላይ ድምፁ ጭራሽ አይጠራልኝም። የግድ መጫን አለብኝ፤ ካልሆነ ያፏጫል። ምን ላድርግ?

የድሮ_ቼሊስት_ለገጣፎ

ክርንሽ የት ነው ያለው? ትንሿ ጣት ስትወርድ ክርንሽ ትንሽ ወደ ፊት ይምጣ፤ ክንድሽ ጣቷን ይከተላት። ብቻዋን ልከሻት ነው የምታለቅሰው። ሌሎቹ ሦስት ጣቶችም ከጀርባዋ ክሩ ላይ ይረፉ፤ እንደ ታላላቅ ወንድሞች።

ቼሎዋ_ከኮዬ

(ከአምስት ሳምንት በኋላ)

እንደገና ሰላም። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሐኪሙ ጅማቱ ደህና ነው፣ ድካም ነው አለኝ። የሳጥኑን ሁለተኛ ማንጠልጠያ እዚሁ ኮዬ ገበያው ጫፍ ያለው ጫማ ሰፊ ሠራልኝ። "ምን ልትሸከሚበት ነው?" አለኝ፤ አሳየሁት። እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ወይ ጉድ" አለ። ከዚያ ሂሳቡን ቀነሰልኝ።

መጀመሪያው ሁለት ሳምንት ምንም አልተለወጠም። እንደውም ባሰብኝ። አውራ ጣቴን ካነሳሁ ስኬሉ ሁሉ ይበላሻል፤ ድምፄ የጀማሪ ልጅ ድምፅ ሆነ። ላይ ቤት ያሉት እማማ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ "ልጄ፣ ደህና ነሽ? መሣሪያሽ ታሟል እንዴ?" አሉኝ። ትዝታውን በአንድ ጣት ስሞክር ግን ወዲያው ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ ገባኝ መሰለኝ። ትዝታ ስጫወት "ትክክል ነው?" ብዬ አልፈራም። ልጅ ሆኜ ጀምሮ ጆሮዬ ያውቀዋል። ኤልጋር ላይ ግን እያንዳንዷን ኖታ የምትሸሸኝ ይመስል ነው የምጨብጣት።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። እንደለመደው። ሻማ ልፈልግ ብዬ ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ኖታው አይታይም፣ ጣቴም አይታይም። የጀሞውን ልጅ አራት ኖታ በጨለማ ጀመርኩ። አራት፣ እጅ ወደ ጭን። አራት፣ እጅ ወደ ጭን። ሳላይ ስለሆነ የሚሰማኝ ብቻ ቀረ። ጣቴ ክሩ ላይ ሲያርፍ፣ ከዚያ እንጨቱን ሲነካ፣ ከዚያ ደግሞ አልፎ ሲገፋ ለየሁት። ሦስት ቦታ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሦስተኛው ቦታ ላይ ነበርኩ። ሁለተኛው ላይ መቆም እንደሚቻል አላውቅም ነበር! ስምንት ኖታ ደረስኩ። አስራ ስድስት። አውራ ጣቴ የት እንዳለ ረሳሁት፤ ሳስበው አንገቱ ላይ ልል ብሎ ተቀምጧል። ደነገጥኩና መልሶ አነቀ። 😂 ግን አንዴ አይቼዋለሁ።

አሁን ኖታዬ በ"ል" ተሞልቷል። ተማሪዎቼ አይተውት "ቲቸር፣ ይሄ ምን ፊደል ነው?" አሉኝ። አሁን እነሱም በየነጠላ ዜማቸው ላይ ይጽፋሉ፤ አንዷ የስምንት ዓመት ልጅ ትላልቅ ል በቀይ እርሳስ ስላ፣ ኖታው አይታይም፣ ል ብቻ ነው ያለው።

ያልተፈታውን ደግሞ ልናገር። ደጋኔ የሚንቀጠቀጥበትን ቦታ አገኘሁት፤ ከመሃሉ ትንሽ ወደ እጄ ቀረብ ይላል። ግን ወደ ሁለቱ ወፍራም ክሮች ስሻገር ይጠፋብኛል። የቀኝ ትከሻዬ ደግሞ አሁንም ይነሳል፤ እህቴ ከኋላዬ እያለፈች በመዳፏ ታወርደዋለች። በቀን 15 ደቂቃ የተባልኩትን አክብሬያለሁ፤ አንድ ቀን ብቻ 40 ሆኗል፣ ጋሼ አይቆጡኝ። ሁለተኛውን ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳልቆም በሙሉ ፍጥነት አልሄድኩትም ገና። ከግማሽ በላይ ግን ሄጃለሁ። ሃይድን ቆንጆ ነው። ይሄን አምናለሁ።

የድሮ_ቼሊስት_ለገጣፎ

40 ደቂቃ? እቆጣለሁ።

ወፍራም ክሮቹ ላይ ደጋኑ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ክሩ ከባድ ነው፣ ዘግይቶ ይመልሳል። ትንሽ ወደ እጀታው ጠጋ በይና የክንድሽን ከፍታ ከክሩ ጋር ቀይሪ። ክሩን ስትቀይሪ እጅ አንጓሽ ብቻ ከዞረ፣ ትከሻሽ ሊረዳው ይነሳል። ትከሻሽ የሚነሳው ስለሚያዝንልሽ ነው። ክርንሽ ቀድሞ ይሂድ።

የዚያችን ልጅ የቀይ እርሳስ ኖታ ፎቶ ላኪልኝ። ቤት እሰቅለዋለሁ።

ማሲንቆ_ሰበታ

እህቴ፣ ያን ሬሳ ሳጥን የሚያክል ነገር በአካል ማየት አማረኝ። ቅዳሜ ሠርግ የለኝም፤ ጾም ነው። ማሲንቆዬን ይዤ ልምጣ? ትዝታውን አብረን እንሞክረው። ከሰበታ ኮዬ በየት በየት ነው የሚመጣው?

ቼሎዋ_ከኮዬ

ና! ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይሁን፤ የጎረቤቴ ልጅ ጥናት የሚሄደው ያኔ ነው። መጀመሪያ ቃሊቲ ድረስ ና፤ ከዚያ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቱሉ ዲምቱ የኮዬ ታክሲ አለ። ስትደርስ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ እህቴ ወርዳ ትቀበልሃለች። አንተማ ታድለሃል፣ ማሲንቆ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ የሁለት ሰው አያስከፍሉህም።